የዘርፉ ክርን

አዳማ ውስጥ የተሰበረ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። ያልተሰበረ ግን አይመጣም። በወጌሻነት በኖርኩበት ዘመን ሁሉ «እንዴት አደርክ» ለማለት ብቻ ደጄን የረገጠ ሰው ብቆጥር የአንድ እጅ ጣት ይተርፈኛል። ጥፋቱ የሰው ብቻ አይደለም፤ የእኔም ፊት አይፈታም። ወለምታ ያለበትን ስስበው ቢጮህ «ስትዘል የት ነበርክ?» እላለሁ። ከፈረስ ወድቆ ተሸክመው ያመጡትን «ፈረሱስ ደኅና ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሰው በእጄ ይድንና በአፌ ተቀይሞ ይሄዳል።

ቤቴ ከባቡር ጣቢያው ማዶ፣ ሐዲዱን ተሻግሮ፣ ግራሮቹ ሥር ነበረች። ሚስቴ ቡዜ በኅዳር በሽታ ጊዜ በሦስት ቀን ውስጥ ሞተችብኝ። ስንቱን የተሰበረ ጭን የጠገንኩ ሰውዬ ትኩሳት ፊት እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። አንዲት ልጃችን ዝዋይ ተድራለች፤ በዓመት አንድ ጊዜ በመንገደኛ ሰላምታ ትልክልኛለች። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ድምፅ ቢሰማ የባቡሩ ነው። እሱም ሲያልፍ መደርደሪያው ላይ ያለውን ዋንጫ ያንቀጠቅጥና ይሄዳል።

ሙያውን ያስተማረኝ አጎቴ መርዳሳ ነው። የመጀመሪያ ቀን ቆዳው የተገፈፈ የበግ እግር ሰጠኝና «ይህን ነጭ ጅማት ሳበው» አለኝ። ስስበው ሰኮናው ታጠፈ። «አሁን ግፋው» አለኝ። ብገፋው ጅማቱ ተጨማደደ እንጂ ሰኮናው ንቅንቅ አላለም።

«ገባህ? ሥጋ መሳብ እንጂ መግፋት አያውቅም» አለኝ። «ክንድህን የሚያጥፈው አንዱ ጡንቻ ነው። ለመዘርጋት ደግሞ በወዲያ በኩል ያለው ጓደኛው መሳብ አለበት። አጥንቱ በመካከላቸው ያለ እንጨት ነው፤ ብቻውን የትም አይሄድም። እንጨቱ ሲሰበር ታስረዋለህ። አስረህ ከረሳኸው ግን ጓደኛሞቹ ይከሳሉ፣ ያጥራሉ፣ መገጣጠሚያውም ይደርቃል። ያን ጊዜ አጥንቱ የዳነ፣ ሥራ ግን የማይሠራ እጅ ለሰውዬው ሰጠኸው ማለት ነው።»

አጎቴ አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው፤ እኔም ወረስኩት። ማሰሪያውን የሚፈታው ያሰረው እጅ ብቻ ነው። ሕጉን ያወጣው ሰው ስለማይታገሥ ነው። አሳከከኝ ብሎ በአሥረኛው ቀን ፈትቶ፣ አጥንቱን መልሶ አጣሞ የሚመጣ ብዙ ነበር። ስለዚህ ሳላስር በፊት አስምላለሁ፤ ክርስቲያኑ በእመቤቴ፣ ሙስሊሙ በአላህ ይምልልኛል። ከማለ በኋላ እናቱ ብትለምነው እንኳ አይነካውም። እስክፈታው ድረስ ያ እጅ ወይም ያ እግር የእኔ ነው ማለት ይቻላል።

ንግሥቲቱ ባረፉበት ዓመት፣ መስከረም ሃያ ቀን፣ ዘርፉ የምትባል ሴት መጣች። ለእመት ሽታዬ የምትፈጭ ሴት ነበረች። እመት ሽታዬ ጣቢያው አጠገብ መንገደኛ የሚያሳድሩ፣ የሚያበሉ ወይዘሮ ናቸው፤ ከአርሲ ቡና ጭኖ የሚመጣው ሁሉ እሳቸው ዘንድ ያርፋል። ያን ሁሉ ሕዝብ የሚያበላው ዱቄት የሚወጣው ከዘርፉ ወፍጮ ነው። ቁመቷ አጠር ያለ፣ ትከሻዋ ሰፋ ያለ፣ አርባ ዓመት አካባቢ የሆነች ሴት ነበረች። ባሏ ከሞተባት ወዲህ ከምንጃር ወርዳ በራሷ ክንድ እያደረች ነው። ዱቄት ተሸክማ ስትሻገር ሐዲዱ አደናቅፏት በግራ ክንዷ ላይ ወድቃለች። ሁለቱም የክንድ አጥንቶች ተሰብረዋል።

«አሁን ስስበው ያምሻል። ጩኺ» አልኳት።

«ብጮህ ይቀለኛል?»

«አይቀልሽም።»

«እንግዲያው ምን አደከመኝ» አለችና ነጠላዋን ነክሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስቤ አገጣጠምኩት። ላብ በግንባሯ ወረደ እንጂ ትንፍሽ አላለችም። የሸንበቆ ስንጣቂውን ደርድሬ፣ ጨርቁን ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ በላይ ጠቅልዬ፣ ክንዷን አጥፌ አንገቷ ላይ አንጠለጠልኩላት። ማለችልኝ። ተነሥታ እንደመሄድ ካለች በኋላ መለስ ብላ «እርስዎስ እንዴት ነዎት?» አለችኝ።

አንድም በሽተኛ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። «ደኅና» ማለት እኮ ነው፤ አልመጣልኝም። «እጅሽን እንዳታንቀሳቅሺ» አልኳት።

በየሦስት ቀኑ ስትመጣ ማሰሪያውን አያለሁ። ጨርቁ ሲላላ አጠብቃለሁ፣ ጣቶቿ እንዳያብጡ ትጨብጥና ትዘረጋቸው ዘንድ አዛለሁ። ይህ የጥቂት ጊዜ ሥራ ነው። እሷ ግን በርጩማው ላይ እንደተቀመጠች ወሬ ትጀምራለች። ስለ ምንጃር ጤፍ፣ ስለ እመት ሽታዬ ቁጣ፣ ስለ አንድ ግሪክ ነጋዴ ጺም። እኔ ስኮሳተር ትስቃለች። «እርስዎ ሲቆጡ አፍንጫዎ ይሰፋል» አለችኝ አንድ ቀን። ማታ አፍንጫዬን በእጄ ዳሰስኩት፤ ሃምሳ ሁለት ዓመት አብሮኝ ኖሮ አላየሁትም።

እሷ የምትመጣበት ቀን ሲሆን ደጄን መጥረግ ጀመርኩ። ጺሜን ተላጨሁ። ከጎረቤቴ ከከሪማ ሽምብራ ገዝቼ ቆላሁ፤ ግማሹ አረረ። ዘርፉ ያረረውን እየለየች ወደ እኔ፣ ደኅናውን ወደ ራሷ እያደረገች «ያቃጠለ ይብላው» አለች። እኔም በላሁ፤ ደስ ብሎኝ በላሁ። እውነቱን መናገር ይሻላል፤ እሷ በማትመጣባቸው ሁለት ቀኖች ቤቱ ከድሮው ይልቅ ባዶ ሆነብኝ። ብቸኝነቴን አሥራ አንድ ዓመት ተሸክሜው ክብደቱን አላውቀውም ነበር፤ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ቢያወርድልኝ ከበደኝ።

በዚያው ሰሞን ሆራ የሚባል የጣቢያ ተሸካሚ በሽተኛ ነበረኝ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የቡና ጆንያ ወድቆበት ቅልጥሙ ተሰብሯል። በሃምሳኛው ቀን ፈታሁት። ባቱ ቀጭን ሆኖ ሲያየው ደነገጠ።

«አጥንቱ ሥራውን ጨርሷል፤ አሁን የሥጋው ተራ ነው» አልኩት። «በመጀመሪያው ሳምንት ተቀምጠህ ተረከዝህን ታነሣለህ። በሁለተኛው ቆመህ። ከዚያ በሐዲዱ መካከል ባሉት እንጨቶች ላይ አንዱንም ሳትዘል ትራመዳለህ። ባዶ ጆንያ፣ ከዚያ ሩብ፣ ከዚያ ግማሽ። ካመመህ ቀንስ፤ ካላመመህ ጨምር። ከተኛህ ግን እግርህን ለጅብ ሰጠኸው ማለት ነው።»

ሆራ ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልቴ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም እያለኝ በደጄ ያልፋል፤ እንጨት በእንጨት እየረገጠ እስከ ጣቢያው ይሄዳል። ዘርፉ በሩ ላይ ሆና አይታው «ሙሽራ ይመስላል አረማመዱ» ብላ ሳቀች። ቀጥላ «እኔንስ መቼ ይፈቱኛል?» አለችኝ።

«ጊዜው ሲደርስ።»

«እመት ሽታዬ እስከ ገና እጠብቅሻለሁ ብለዋል። የገና ለት ቤቱ በእንግዳ ይሞላል። እስከዚያ ካልፈጨሁ ሌላ ሴት ያስገባሉ።» ይህን ያለችው እየሳቀች አልነበረም። «ከዚህ ክንድ ሌላ ምንም የለኝ። ሰው ቤት ተጠግቼ ‹እሷን ደግሞ አብሉ› ከምባል ሞት ይሻለኛል።»

ሰማኋት። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

ጥቅምት ሃያ አምስት ሠላሳ አምስተኛ ቀኗ ነበር። ማሰሪያውን ላላ አድርጌ አውራ ጣቴን በአጥንቱ ላይ አስኬድኩ። ስብራቱ ጋ ስደርስ እንደ ዛፍ ጉጥ ያለች ጠንካራ እብጠት አገኘሁ። ጫን አልኩ። ፊቷ አልተለወጠም። አጥንቱ ገጥሟል። ከዚያ ቀን በኋላ ማሰሪያው ለክርኗ ጠላት እንጂ ወዳጅ እንዳልሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አዳማ ውስጥ አልነበረም። ጨርቁን ልጎትት እጄን ዘረጋሁ።

ያን ጊዜ የመጣልኝ ከሦስት ቀን በኋላ ያለው ቀን ነው። በሩ ተዘግቶ፣ በርጩማው ባዶ ሆኖ ታየኝ።

«እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ትንሽ ይቀረዋል» አልኳት፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ። መልሼም አጥብቄ አሰርኩት።

ሦስት ቀን ብቻ ልጨምር ብዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሌላ ሦስት ጨመርኩ። ሰው ራሱን ለማታለል ሲፈልግ ምክንያት አያጣም። የሴት አጥንት ይዘገያል አልኩ። ሁለት አጥንት ስለሆነ ጊዜ ይፈልጋል አልኩ። አጎቴ መርዳሳ ራሱ አንድ ጊዜ አንዱን ሰው ስድሳ ቀን አስሮታል አልኩ፤ ያ ሰው ግን ጭኑ ነበር የተሰበረው። እሷ አንድም ቀን አልተጠራጠረችም። በእመቤቴ የማለች ሴት ናት፤ ስታሳክካት እንኳ ጨርቁን ከላይ መታ መታ ታደርገዋለች እንጂ ጣቷን አታስገባም። እኔም ሽምብራዬን ሳላሳርር መቁላት ለመድኩ።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል ለማሻ የሚሆን ቅቤ ልገዛ ከሪማ ዘንድ ሄድኩ። ከሪማ ከወሎ የመጣች፣ ቅቤ፣ ጨውና ጥራጥሬ የምትነግድ፣ ምላሷ የማይደክም ሴት ናት።

«አያ ባጫ፣ የዚያች ሴትዮ እጅ ምን ሆነ?» አለችኝ ቅቤውን በቅጠል እየጠቀለለች።

«ይሽራል።»

«መቼ? ሆራ እግሩን ተሰብሮ ይኸው ጆንያ ይሸከማል። እሷ የተሰበረችው ክንዷን ነው። ክንድ ከእግር ቀድሞ እንደሚሽር እኔ ቅቤ ሻጯ እንኳ አውቃለሁ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ጩኸት ካንተ ቤት ስሰማ ኖሬ።»

«የሰው አጥንት አንድ ዓይነት አይደለም።»

«እሱስ አይደለም» አለችኝ ዓይኔን እያየች። «ደጅህን መጥረግ የጀመርከው ግን መስከረም ላይ ነው።»

ቅቤውን ተቀብዬ ወጣሁ። የተናደድኩት በእሷ ነበር፤ ቤት ስደርስ ግን የምናደድበት ሌላ ሰው አጣሁ።

በማግስቱ ዘርፉን ፈታኋት። ሰባኛው ቀን ነበር። ጨርቁ ሲወልቅ ቆዳዋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። ያ ወፍጮ የገፋ ክንድ፣ ስትመጣ ሁለት እጄን ይሞላ የነበረው፣ አሁን በአንድ መዳፍ የሚጨበጥ ሆኗል። «ዘርጊው» አልኳት። ትከሻዋ ተነሣ፣ አንገቷ ተወጠረ፣ ክርኗ ግን እንደታጠፈ ቀረ። በእጄ ደግፌ ቀስ ብዬ ልዘረጋው ሞከርኩ፤ ውስጡ ገመድ የታሰረ ይመስል መለሰኝ።

ዘርፉ ክንዷን በቀኝ እጇ ዳሰሰችው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«አንድ ቀን የሊጥ ድስት ሊወድቅ ሲል በዚህ እጄ ያዝኩት። ቀጭ ሲል ሰማሁት። ይቆጣሉ ብዬ አልነገርኩዎትም። ለዚያ ነው እንዲህ የዘገየው፣ አይደል? ያን ሁሉ ቀን የለፉብኝ በከንቱ ሆነ።»

እዚህ ላይ መናገር ነበረብኝ። ድስቱ ምንም እንዳላደረገ አውቃለሁ፤ አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትበቃው። «ይላላል፣ እናሠራዋለን» አልኳት። ከሐሰቱ ሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው። እጇን የወሰድኩባት ሳያንስ ጥፋቱንም አሸከምኳት።

እስከ ገና ሃያ ዘጠኝ ቀን ቀርቶን ነበር። በዕድሜዬ እንደዚያ ወር የሠራሁበት ጊዜ የለም። በየሦስት ቀኑ የነበረውን በየቀኑ አደረግሁት። ጠዋት ክንዷን ለብ ባለ ውሃ አዘፍዝፌ፣ ቅቤ ቀብቼ፣ መጀመሪያ ከላይ ያለውን የሚያጥፈውን ጡንቻ ወደ ታች እያሸሁ አፍታታዋለሁ። እሱ ነው ያጠረው። ከዚያ ከኋላ ያለውን፣ የሚዘረጋውን፣ በጣቴ መታ መታ እያደረግሁ እቀሰቅሰዋለሁ። «በዚህ ሳቢው፤ በትከሻሽ አይደለም፣ በዚህ» እላታለሁ። መዳፏን ግድግዳ ላይ አስደግፌ አስገፋታለሁ። ስትቀመጥ ክንዷን ጉልበቷ ላይ አስተኝቼ፣ ከአንጓዋ ትንሽ ቅል አንጠለጥልና በየቀኑ አንድ እፍኝ አሸዋ እጨምርበታለሁ፤ ክብደቱ ክርኑን ቀስ በቀስ እንዲከፍተው። በኃይል የተጎተተ መገጣጠሚያ ያብጣል፣ ካበጠም መልሶ ይዘጋል። ስለዚህ መቸኮል አይቻልም፤ ጊዜ ደግሞ የለንም። ያንን ጊዜ የበላሁት እኔ ነኝ።

በሁለተኛው ሳምንት የቡዜን ወፍጮ ከጓዳ አወጣሁ። አሥራ አንድ ዓመት ማንም አልነካውም ነበር። አጥቤ በሩ አጠገብ ተከልኩት። ዘርፉ እህል ሳይኖርበት የላይኛውን ድንጋይ፣ መጁን፣ በሁለት እጇ ይዛ ትገፋለች። ቀኝ እጇ እስከ ወፍጮው ጫፍ ይደርሳል፤ ግራው ይቀራል፣ መጁም ይጣመማል። ከጫፉ እስከ መጁ ያለውን ባዶ ቦታ በጣቴ ለካሁ። መጀመሪያ ቀን አንድ ስንዝርና ሁለት ጣት ነበር። ታኅሣሥ አሥር ቀን ስንዝር ሆነ። ታኅሣሥ አሥራ ስድስት ስድስት ጣት። ልቤ ቅቤ ጠጣ። እሷም «የእርስዎ እጅ ቅዱስ ነው» አለችኝ። ይህን ስትለኝ ወጥቼ የግራሩ ሥር ቆምኩ፤ ፊቴን እንድታየው አልፈለግሁም።

ሦስት ጊዜ ልነግራት አስቤ ነበር። አንዱን ጊዜ ሆራ መጣ። ሌላውን ጊዜ እሷ ስለሞተ ልጇ እያወራች ስለነበር አልደፈርኩም። ሦስተኛውን ጊዜ ማንም አልመጣም፣ እሷም ዝም ብላ ነበር፤ ፈሪ ስለሆንኩ ብቻ ተውኩት።

ታኅሣሥ ሃያ ላይ ባዶው ቦታ አራት ጣት ደረሰ። ከዚያ ቆመ። ሃያ አንድ አራት ጣት፣ ሃያ ሦስትም አራት ጣት፣ ሃያ አምስትም። ውሃውን ጨመርኩ፣ ማሸቱን ጨመርኩ፣ ቅሉን በትልቅ ለወጥኩ። ክርኗ አበጠና ሁለት ቀን አሳረፍኳት። ክንዷ ሥጋ እየያዘ ነበር፤ ልብስ ይጨምቃል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ሕፃን ይይዛል። የሚገፋው ግን እስከዚያች ቦታ ድረስ ነው። እህል ጨምረን ስንሞክር ጫፉ ላይ ያለው ጤፍ ሳይደቅ እየተንሸራተተ ይወድቃል። ለሌላ ሰው አራት ጣት ምንም ማለት አይደለም። ቀን ሙሉ ለምትፈጭ ሴት ግን እንጀራዋ ያለው እዚያ ነው።

ታኅሣሥ ሃያ ሰባት እመት ሽታዬ ዘንድ ሄዳ ፈጨች። በማግስቱ ጠዋት መጣች። እጇ ላይ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ነበር፤ ሌላ ትልቅ ጥቅል ደጅ አስቀምጣለች።

«እንዴት ሆነ?» አልኳት።

«ግማሽ ቀን አዩኝና ሌላ ሴት አስገቡ። አይፈረድባቸውም፣ ለገና ዱቄት ያስፈልጋል።» በርጩማው ላይ አልተቀመጠችም። «መቂ የወንድሜ ልጅ አለ። የጭነት ነጋዴዎች ከሰዓት ስለሚነሡ አብሬ እሄዳለሁ። ልጆቹን ብጠብቅለት አያባርረኝም።»

ሰው ቤት ተጠግቼ ከምኖር ሞት ይሻለኛል ያለች ሴት ናት። ይህን አላነሣችውም፤ እኔ ነኝ ያስታወስኩት።

ቋጠሮውን ሰጠችኝ። «ሽሮ ነው። ለልፋትዎ የሚሆን ሌላ ነገር የለኝም። በሌላ ሰው ያስፈጨሁት ስለሆነ እንደኔ አልደቀቀም፤ ይታገሡት።» ከዚያ ጎንበስ ብላ ሳላስበው እጄን ሳመችው። «ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ የሚገባውን ሁሉ አድርገዋል። ያንን ድስት ባልይዘው ኖሮ ዛሬ እፈጭ ነበር።»

እጄን መነጨቅኳት። ልጄም፣ ቡዜም፣ አጎቴም እንደዚያ ባለ ድምፅ ስናገር ሰምተውኝ አያውቁም።

«ድስቱ አይደለም። ዘርፉ፣ ድስቱ ምንም አላደረገም። አጥንትሽ ጥቅምት ሃያ አምስት ቀን ገጥሞ ነበር። በጣቴ አይቼዋለሁ። የዚያን ቀን ብፈታሽ ክርንሽ እንደ ድሮው ይዘረጋ ነበር። አውቄ ነው ያልፈታሁሽ።»

ቀና ብላ አየችኝ። የገባት አልመሰለኝም።

«አውቀው?»

«አውቄ። ሠላሳ አምስት ቀን ያለ ሥራው አስሬ አቆየሁት።»

«ለምን?»

ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ሁሉም ጠፋ። «ከፈታሁሽ አትመጪማ» አልኳት።

ውጭ ባቡሩ ሊደርስ ሲል የሚነፋው ጡሩምባ ተሰማ። ዘርፉ ግራ ክንዷን ወደ ፊት አድርጋ፣ እስከሚዘረጋበት ድረስ ዘርግታ፣ ክርኗን አየችው። እንድትሰድበኝ ጠበቅሁ፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ አልፈሰሰም።

«ማዶ ነበርኩ እኮ» አለችኝ። «ሐዲዱን መሻገር ብቻ ነበር። ነይ ቢሉኝ እመጣ ነበር።»

ወጣች። ጥቅሏን ላነሣላት ተከተልኳት፤ እሷ ግን በቀኝ እጇ አንሥታ ራሷ ላይ አስቀመጠችው። በግራዋ ልትደግፈው ሞከረች፤ አልደረሰላትም፣ አወረደችው። የባቡሩ ጭስ ከወዲያ በኩል ይታይ ነበር። ሳይደርስ ልትሻገር ፈጠን ፈጠን አለች።

«ነይ» አልኩ፣ የበሩን መቃን ይዤ። ከገዛ ጆሮዬ የሚያልፍ ድምፅ አልነበረም። እሷ ተሻግራ ነበር፤ ባቡሩም በመካከላችን ገባ።